ያየው ሰው እና የሩቁ ተንታኝ፦ የሰልፍና የግጭት ቀን ወሬ እንዴት ይመዘናል?

 

ለወረቀት ጉዳይ ወይም ለሕክምና ወደ ጅቡቲ ከተማ የሚመጡ ልጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ። «አገር ቤት ሰልፍ ወጣ፣ ተኩስ ተከፈተ ሲባል ማንን እንመን? ቦታው ላይ ያለው አንድ ይላል፣ አሜሪካ ያለው ሌላ ይላል፣ መንግሥት ደግሞ ሦስተኛ ነገር ይላል።» ይሄን ጥያቄ ቁጭ ብለን ብንነጋገርበት ይሻላል ብዬ ነው ዛሬ የምጽፈው።

ነገሩ እኮ የዋዛ አይደለም። በስልክ በመጣ የተሳሳተ መርዶ ለቅሶ ተቀምጠው፣ ሞተ የተባለው ሰው ከሳምንት በኋላ ራሱ የደወለላቸው ቤተሰቦች በመካከላችን አሉ። አንድ የድምፅ መልእክት ሰምተው፣ ለዓመታት አብረዋቸው ውሃ ሲቀዱ ከኖሩ ጎረቤቶቻቸው ጋር የተኳረፉም አሉ። «ነገሩ ተለውጧል፣ ግቡ» ተብለው ተነስተው መንገድ ላይ የተያዙም አይጠፉም። ለስደተኛ ወሬ ማለት የሚበላውንና የሚሄድበትን የሚወስን ነገር ነው።

በአጭሩ የምለው ይህን ነው። ያየ ሰው የሚያውቀው ጥቂት ነው፣ ግን የራሱ ነው። የሩቅ ሰው ብዙ ሊያውቅ ይችላል፣ ግን ሁሉንም ከሌላ ሰው የተቀበለው ነው። ሁለቱም ያስፈልጉናል። ችግር የሚመጣው ሁለቱ ተደባልቀው የቱ የቱ እንደሆነ ሳይለይ ሲቀር ነው።

አንድ ቀን፣ ሁለት ቁጥር

እዚሁ ከተማችን ከሆነው ልጀምር። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 21 ቀን 2015 ባልባላ ውስጥ ቡልዱቆ በሚባለው ቦታ ለሃይማኖታዊ በዓል ተሰብስቦ በነበረ ሕዝብና በጸጥታ ኃይሎች መካከል ግጭት ተነሳ፣ ተኩስም ተከፈተ። ከፕሬዚዳንታዊው ምርጫ በፊት የቀሩት አራት ወር እንኳ የማይሞሉ ነበሩና ከተማው አስቀድሞም ውጥረት ላይ ነበር። መንግሥት የሞቱት 7 ናቸው አለ። የጅቡቲ የሰብአዊ መብት ሊግ ደግሞ ቢያንስ 27 ናቸው አለ።

እንግዲህ ይሄን የሰማ ሰው ወዲያው «አንዱ ዋሽቷል» ይላል። ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ማንም ሳይዋሽም ቁጥር ሊለያይ የሚችልበት መንገድ አለ፣ ይህን ማወቅ ይጠቅማል።

አንደኛ፣ የት ተቆጠረ? የሆስፒታል መዝገብ የሚቆጥረው ሆስፒታል የደረሰውን ነው። በሙስሊሙ ልማድ አስከሬን ቶሎ ይቀበራል። ቤተሰቡ ፖሊስ ከፈራ ደግሞ ሟቹን ጭራሽ ሆስፒታል አይወስደውም፣ ከቤት ወደ መቃብር ነው። ይሄ ሰው በመዝገብ የለም፣ በሰፈሩ ሰው ዘንድ ግን አለ።

ሁለተኛ፣ እስከ መቼ ተቆጠረ? ዛሬ ቁስለኛ የተባለ ሰው በስድስተኛው ቀን ሊሞት ይችላል። የመጀመሪያው ቀን ቁጥር እሱን አያውቀውም።

ሦስተኛ፣ ማን ተካተተ? አንዳንዱ ሲቪል ብቻ ይቆጥራል፣ አንዳንዱ የሞተ ፖሊስም ይጨምራል።

አራተኛ፣ የጠፋው ሰው ምን ተባለ? የት እንደገባ ያልታወቀ ሰው እስር ቤት ሊሆን ይችላል። አንዱ ሞተ ብሎ ይጽፈዋል፣ ሌላው ጭራሽ ይተወዋል።

ስለዚህ ቁጥር ስትሰሙ «ይሄን ያህል ሰው ሞተ» የሚለው ላይ አትቁሙ። ማን ቆጠረ? የት ሆኖ? እስከ የትኛው ቀን? እነማንን ጨምሮ? ብላችሁ ጠይቁ። መልስ የሌለው ቁጥር ገና ወሬ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ስም ዝርዝር ከባዶ ቁጥር ይበልጣል። ስም ከወጣ ሊጣራ ይችላል፣ ሞተ የተባለው በሕይወት ካለ ወጥቶ «አለሁ» ይላል። ዋጋ የሚያስከፍለውም ለዚህ ነው። የሊጉ ፕሬዚዳንት ኦማር አሊ ኤዋዶ የቡልዱቆ ሟቾችን ስም ዝርዝር ካወጣ በኋላ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 29 ቀን 2015 ታሰረ።

ያየ ሰው ምን ያህሉን ያያል?

የዓይን ምስክር ሲባል ሁሉን ያየ ሰው ይመስለናል። አይደለም። ቆሞ ከነበረበት ቦታ፣ በነበረበት ሰዓት፣ ፊቱ ወደ ዞረበት ያለውን ያየ ሰው ነው።

መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም ቢሾፍቱ ላይ የሆነውን አስቡ። በኢሬቻ በዓል ላይ ሕዝቡ ተቃውሞ አሰማ፣ አስለቃሽ ጭስ ተተኮሰ፣ ሰው ሲሮጥ ጉድጓድ ውስጥ እየወደቀ ተረጋገጠ። መንግሥት የሟቾቹ ቁጥር 55 ነው አለ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በቀጣዩ ዓመት ባወጣው ሪፖርት ትክክለኛው ቁጥር እንዳልታወቀ፣ ከዚያ እጅግ ሊበልጥ እንደሚችል ጻፈ። አሁን ሦስት ሰዎችን በሐሳባችሁ እዚያ አቁሟቸው። መድረኩ አጠገብ የነበረው ጭሱ ሲተኮስ አይቷል። ጉድጓዱ ውስጥ የወደቀው የሚያስታውሰው በላዩ የሚወድቀውን ሰው ነው። መንገድ ዳር የነበረው ደግሞ የሚሮጥ ሕዝብ ብቻ ነው ያየው። ሦስቱ የሚነግሯችሁ ሦስት የተለያየ ታሪክ ነው፣ ሦስቱም እውነታቸውን ነው።

እኔም ከራሴ ልናገር። እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2021 ኢትዮጵያ ውስጥ በአፋርና በኢሳ ሶማሌ መካከል የነበረው ግጭት እዚህ ጅቡቲ ከተማ ድረስ ዘልቆ፣ ዋረባሌ በሚባለው ሰፈር ቢያንስ 3 ሰዎች ሞቱ፣ ቤቶች ተቃጠሉ። እኔ የዚያን ቀን በዓይኔ ያየሁት ሦስት ነገር ነው፦ በራቸውን የዘጉ ሱቆች፣ ከሩቅ የሚወጣ ጭስ፣ ፍራሽ ተሸክመው ልጆች እየጎተቱ የሚሄዱ ሴቶች። ይሄው ነው። ማታ ላይ ግን ስልኬ ውስጥ የነበረው ታሪክ ሌላ ነው። ማን እንደጀመረ፣ ስንት እንደሞተ፣ ነገ ማን ላይ እንደሚዞር የሚናገር መልእክት ይዘንብ ነበር። የሚገርመው ከላኪዎቹ ብዙዎቹ ጅቡቲን ረግጠው አያውቁም። እኔ እዚሁ እያለሁ ሦስት ነገር ብቻ ካየሁ፣ አውሮፓ ያለው ሰው ሠላሳ ነገር ከየት አየ?

ይህን ስል ያልታየ ሁሉ ውሸት ነው ማለቴ አይደለም። ሰዎቹ መሞታቸውን እኔ አላየሁም፣ ግን እውነት ነበር። ምስክሩ ድንበሩን ሲያውቅ ነው ቃሉ የሚከብደው።

የሩቁ ሰው መቼ ይጠቅማል?

ብዙ ጊዜ «ውጭ ተቀምጦ ያወራል» እያልን የሩቁን ሰው እናጣጥለዋለን። ትክክል አይደለም። አገር ውስጥ አፍ ሲዘጋ የሚናገረው እሱ ነው። ሌሊት በሩን የሚያንኳኳ የለም፣ ከአሥር ቦታ የመጣ ቃል ሰብስቦ ማስተያየትም ይችላል። ለምሳሌ ነሐሴ 1 ቀን 2008 ዓ.ም ባሕር ዳር በአንድ ቀን ቢያንስ 30 ሰዎች መገደላቸውን ለዓለም የተናገረው መቀመጫው ለንደን የሆነው አምነስቲ ኢንተርናሽናል ነው። ያን ያለው ግን ቦታው ላይ የነበሩ ሰዎችን ቃል ይዞ ነው።

ከሁሉ የሚያስተምረኝ የ1997ቱ ነው። ከግንቦቱ ምርጫ በኋላ ሰኔ 1 ቀን 1997 ዓ.ም እና በጥቅምት 1998 ዓ.ም አዲስ አበባና ሌሎች ከተሞች ውስጥ ሰልፈኞች ተገደሉ። ጉዳዩን የሚያጣራ ኮሚሽን ተቋቋመ። የኮሚሽኑ ምክትል ሰብሳቢ የነበሩት ዳኛ ወልደሚካኤል መሸሻ ከአገር ወጥተው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2006 የተገኘውን ለዓለም ተናገሩ፦ 193 ሰዎች ተገድለዋል፣ 763 ቆስለዋል። ይህ ቁጥር እስከዚያ ድረስ በይፋ ይነገር ከነበረው ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። የተገደሉ 6 ፖሊሶችም ነበሩ።

እሳቸው ሲናገሩ ውጭ ነበሩ። ይዘው የወጡት ግን የሩቅ ሰው አስተያየት አልነበረም። ቤት ለቤት፣ ሆስፒታል ለሆስፒታል አገር ውስጥ የተሰበሰበ ቃል ነው። «ውጭ ሆኖ መናገር» እና «ከውጭ ሆኖ መገመት» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

አሁን ደግሞ ልብ በሉ። በዚያው ወር ለፓርላማ የቀረበው ሪፖርትም የሟቾቹን ቁጥር አልካደም፣ ያንኑ 193 ይዞ ቀረበ። የተለያዩት በፍርዱ ላይ ነው። ለፓርላማ የቀረበው የጸጥታ ኃይሎች የወሰዱት እርምጃ ከመጠን ያለፈ አልነበረም አለ። ዳኛው ግን የኮሚሽኑ አባላት በድምፅ ብልጫ ከመጠን ያለፈ ነው ብለው ወስነው እንደነበር ተናገሩ። ቁጥሩ መረጃ ነው። «ተመጣጣኝ ነው፣ አይደለም» የሚለው ፍርድ ነው። ሰው በፍርድ ሊከራከር ይችላል፣ መረጃውን ግን ከፍርዱ ለይቶ ማስቀመጥ አለበት።

የሩቁ ሰው መቼ ይጎዳል?

የሚጎዳው መረጃ በሌለበት ቀዳዳውን በራሱ ሐሳብ ሲሞላ ነው። አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም ሲገደል ኢንተርኔት ተዘጋ፣ ከሦስት ሳምንት በላይም ቆየ። አገር ውስጥ ያለው ያየውን መላክ አልቻለም። በዚያ ጊዜ ግን ውጭ ያለው ቀጥታ ሥርጭት አልቆመም፣ እንዲያውም ባሰበት። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አጣርቶ 123 ሰዎች መገደላቸውን የገለጸው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2021፣ ማለትም ከስድስት ወር በኋላ ነው። ወሬ በስድስት ደቂቃ ይደርሳል፣ ማጣራት ስድስት ወር ይፈጃል። በመካከል ያለው ጊዜ ነው ሰው የሚያጋድለው።

ሌላም አለ። ዩቲዩብ ላይ ገቢ የሚመጣው በተመልካች ብዛት ነው። ተመልካች ደግሞ የሚያስቆጣውን ይወዳል። ስለዚህ «እስካሁን አልተረጋገጠም» የሚል ሰው ይከስራል፣ «ደም እንደ ውሃ ፈሰሰ» የሚል ያተርፋል። «ውጡ፣ ዝጉ፣ አቃጥሉ» ብሎ የሚያዘው ሰው ማታ ራቱን በልቶ ይተኛል። የሚወጣው የሌላ ሰው ልጅ ነው። አንድ ሰው እንድትነሱ ሲጠራችሁ «አንተስ የምትከፍለው ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

እኛስ የት ነን?

ይሄ ጥያቄ ለእኛ ለስደተኞች ከሌላው ሁሉ ይከብዳል። እኛ ትናንት የዓይን ምስክር ነበርን። ቀበሌያችን ሲቃጠል፣ ወንድማችን ሲወሰድ አይተናል። ያንን ማንም ሊወስድብን አይችልም። ነገር ግን ምስክርነታችን ድንበር በተሻገርንበት ቀን ላይ ቆሟል። ከዚያ ቀን በኋላ ስላለው አገር ቤት እኛም እንደ አሜሪካው ሰው የሩቅ ሰዎች ነን። በ2008 የወጣ ሰው ስለ 2008 ምስክር ነው፣ ስለ ዛሬ ግን ሰሚ ነው። «እኔ የዚያ አገር ሰው ነኝ፣ አውቃለሁ» ማለት ብቻውን አያስኬድም።

እዚህ ጅቡቲ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ከተማው ውስጥ ግጭት ሲነሳ የምናየው እኛ ነን፣ ግን አገሩ የእኛ አይደለም። ያየነውን እናውቃለን፣ የነገሩን ሥር ግን አናውቅም። በእንግድነታችን ደግሞ ቃላችን ቶሎ ይታይብናል።

የመናገር ዋጋ

መናገር ዋጋ አለው፣ ያን መደበቅ አይገባም። የኤዋዶን መታሰር ጠቅሻለሁ። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2016፣ ከምርጫው ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ፣ የቢቢሲ ቡድን ጅቡቲ ውስጥ ተይዞ ተባረረ። እ.ኤ.አ. በጁን 2020 ከጋቦድ እስር ቤት የወጣ የአንድ እስረኛ አብራሪ ቪዲዮ ከተማውን ሰልፍ አስወጣ፣ ሰልፉን የዘገቡ ጋዜጠኞችም ታሰሩ። የቢቢሲ ሰው ቢባረር አገሩ ይገባል። እኛ ብንባረር የት እንገባለን?

ሕጉንም ማወቅ ጥሩ ነው። በ1969 አዲስ አበባ ላይ የጸደቀው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የስደተኞች ስምምነት በአንቀጽ 3 ላይ ስደተኛ የሚኖርበትን አገር ሕግ ማክበር እንዳለበት ይናገራል። ፈራሚ አገሮችም ስደተኞች ሌላ አባል አገርን በመሣሪያ፣ በጋዜጣ ወይም በሬዲዮ እንዳያጠቁ እንዲከለክሉ ያዛል። ቃሉ የተጻፈው ፌስቡክ ሳይኖር ነው፣ ግን ምን እንደሚያስፈራቸው ግልጽ ነው። ስለዚህ የደረሰብንን ስንናገር ምስክርነት ሆኖ ይነበብ፣ የዘመቻ ጥሪ አይምሰል። «በዚህ ቀን፣ በዚህ ቦታ ይህን አየሁ» እና «ተነሱ፣ ውጉ» በፍጹም አንድ አይደሉም።

ምን እናድርግ?

ለራሴም የምጠቀምበትን ላካፍላችሁ።

1. የደረሳችሁን ወሬ በሦስት ክፈሉት፦ አየሁ፣ ሰማሁ፣ ይመስለኛል። የላከላችሁን ሰው «አንተ አይተሃል ወይስ ሰምተህ ነው? ከማን?» በሉት። ይሄ ንቀት አይደለም። አባቶቻችንም «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» ይላሉ።

2. ከአምስት ሰው የመጣ አንድ ዓይነት መልእክት አምስት ምስክር አይደለም። ከአንድ ሰው ተነስቶ አምስት እጅ የዞረ ሊሆን ይችላል። ቃል በቃል አንድ ከሆነ ምንጩም አንድ ነው።

3. ቪዲዮ ሲመጣ ዳር ዳሩን እዩ። የሱቅ ጽሑፉ በምን ቋንቋ ነው? ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ነው ወይስ የጅቡቲ አረንጓዴና ነጭ ታክሲ? በነሐሴ ባሕር ዳር ነው ተብሎ መሬቱ አቧራ፣ ሣሩ ደረቅ ከሆነ ጠርጥሩ። ነሐሴ የክረምት ወር ነው።

4. መርዶ ከሆነ ከሟቹ ቤት ወይም ከቀባሪዎቹ ሳይሰማ ለእናት አይነገር። አንድ ቀን መዘግየት ይሻላል።

5. አገር ቤት ያለ ሰው ያየውን ከነገራችሁ ስሙን፣ ድምፁን፣ ቤቱን የሚያሳይ ነገር አታስተላልፉ። እናንተ «እዩት» ብላችሁ የላካችሁት ድምፅ እሱን ፈልጎ ለሚመጣ ሰው ምልክት ነው።

6. ያያችሁትን ጻፉት። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ቆማችሁ የነበራችሁበትን፣ የሰማችሁትን ለብቻው። ይህ ለታሪክ ብቻ አይደለም። ለስደተኝነት ጉዳያችሁ ቃለ መጠይቅ ስትቀርቡ ጠያቂው «ይህን እንዴት አወቅህ?» ይላችኋል። ከዩቲዩብ የሰማውን እንዳየ አድርጎ የተናገረ ሰው፣ ሁለተኛ ሲጠየቅ ቃሉ ይለያይበታል፣ በእውነት ያየውም አብሮ ይጣልበታል። «ይሄን አላየሁም፣ ጎረቤቴ ነው የነገረችኝ» ማለት ጉዳያችሁን አያበላሽም። ማስታወሻውን ግን ሌላ እጅ በማይገባበት ቦታ አስቀምጡ።

በመጨረሻም፣ ዝም በሉ አላልኩም። የ1997ቱ 193 ሰዎችም፣ የቡልዱቆ ስሞችም ዛሬ የሚታወቁት ያዩት ሰዎች ስለተናገሩና የሰሙትም በጥንቃቄ ስለመዘገቡ ነው። የሞተ ሰው በትክክል ይቆጠር ዘንድ መብቱ ነው። ሲጨምሩበትም ሲቀንሱበትም የሚበደለው እሱ ነው። ስለዚህ ያየ ይናገር፣ የሰማ «ሰማሁ» ይበል፣ የማያውቅ ደግሞ ይጠይቅ።

ይህን ጽሑፍ ስልክ ለሌላቸው፣ ማንበብም ለማይችሉ እናቶችና አባቶች አንብቡላቸው። ሰላም ያገናኘን።